ሰባ አንድ ፈገግታ

“እጅሽን አንሺ” አለች ሸዋረገድ።

ሔራን በመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ጎኗን ለእናቷ ሰጥታ ሁለት እጆቿን አነሳች። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ክንዶቿ ከመሐል ታጠፉ። ሸዋረገድ የልጇን ሸሚዝ ገለጥ አድርጋ ወገቧ ላይ የተጠመጠመውን ነጭ መቀነት ጫፍ ፈለገችና መፍታት ጀመረች። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። ሦስተኛው ላይ እጇን ቀስ አደረገች። እዚያ ጋ መቀነቱ ታጥፎ ትንሽ ቀለበት ይሠራል፤ በቀለበቱ ውስጥ ከሔራን ሆድ የሚወጣው ቀጭን ቱቦ ያልፋል።

“ማሚ፣ ቶሎ በይ። ሰው ያየናል።”

“ማን ያየናል? ሁሉም የራሱ ጭንቀት አለበት።”

“ፓርኪንጉ ላይ ካሜራ አለ እኮ።”

“ካሜራውም ሥራውን ይሥራ። አትነቃነቂ፤ ቱቦው እንዳይሳብ።”

ቱቦው የሚሄደው ሔራን በቀበቶ ወደ ታጠቀችው ማሽን ነው። ማሽኑ ከተማሪ ምሳ ዕቃ አይበልጥም። ቀኑን ሙሉ ሆዷ ውስጥ ፈሳሽ እያስገባና እያወጣ፣ ሥራ ያቆሙት ኩላሊቶቿ ሊያወጡት ያልቻሉትን ቆሻሻ ያወጣል። ገና በሙከራ ላይ ስለሆነ በዳላስና በፎርት ዎርዝ አካባቢ የታጠቁት አሥራ አራት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ሸዋረገድ መቀነቱን አጣጥፋ በንጹሕ ፌስታል ጠቀለለችና ቦርሳዋ ሥር ከተተችው። ከዚያ የልጇን ሸሚዝ አስተካከለች፤ አንገትጌውንም፣ ማስተካከል የማያስፈልገውን ፀጉሯንም።

“ሶ፣ ነርሷ ሊና የላከችውን ቴክስት ነገርኩሽ አይደል?” አለች ሔራን። “ዛሬ ከኩባንያውም ከመንግሥትም የመጡ ሰዎች አሉ። አዲስ ነገር እንዳትናገሪ። እንደ ሁልጊዜው ደህና ነው ትያቸዋለሽ፣ እንወጣለን።”

“እኔ ምን እናገራለሁ? አፌ ላይ ምን አየሽ?”

“አፍሽን አላልኩም። ፊትሽ ነው። ስትጨነቂ ያስታውቅብሻል።”

“እንግዲህ ፊቴን የት ላድርገው?”

ሔራን ሳቋ መጣ። ስትስቅ ማሽኑን በእጇ ደገፍ አደረገችው፤ ያለ መቀነቱ ሲሆን ቱቦው ቆዳዋን ይጎትትባታል።

ስለ መቀነቱ ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ጥናቱ ውስጥ ሲገቡ በፈረሙት ወረቀት ላይ ደንቡ ግልጽ ነበር። አስተርጓሚው ማቲዎስ ቃል በቃል አንብቦላታል፤ ከተሰጣችሁ ዕቃ በቀር በማሽኑም ሆነ በቱቦው ላይ ሌላ ነገር አይደረግም፣ ይህን የተላለፈ ከጥናቱ ሊወጣ ይችላል። ሸዋረገድ ያን ጊዜ መጻፍ የምትችለው ስሟን ብቻ ነበር። ስሟን ጻፈች።

ሔራን ኩላሊቷ ሲደክም የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነበረች። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት፣ አንድ ወንበር ላይ ተጋድማ ደሟ ሲጣራ አሳለፈች። ትምህርቷ ተቋረጠ፤ ጓደኞቿ ተመረቁ። ሸዋረገድ የራሷን ኩላሊት ልትሰጣት ተመርምራ፣ ስኳር ስላለብሽ አይሆንም ተባለች። ያን ቀን ከሐኪም ቤት ስትወጣ ታማሚዋ እሷ ነበር የምትመስለው። ይህ ማሽን ከመጣ ወዲህ ግን ሔራን ፍሪስኮ በሚገኝ አንድ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ሥራ ይዛለች። ቤታቸው ካለበት ከሳክሲ ራሷ እየነዳች ትሄዳለች፣ ራሷ እየነዳች ትመለሳለች። ማታ ማታ የሥራ ባልደረቦቿን እያማች እራት ትበላለች። ሸዋረገድ ሐሜት እንደዚህ ሊያስደስታት እንደሚችል አታውቅም ነበር።

ማሽኑ ግን በመጀመሪያው ሳምንት አሳራቸውን አብልቷቸዋል። ሔራን ስትቀመጥ፣ ጎንበስ ስትል፣ መኪና ስትነዳ ቱቦው ይታጠፍና ፈሳሹ ይቆማል፤ ማሽኑም ይጮሃል። አንድ ቀን ገና በጀመረችው ሥራ ላይ ስብሰባ መሐል ጮኾ፣ እሳት የተነሣ መስሏቸው ሁለት ሰዎች ከወንበራቸው ተነሡ። ሔራን ያን ቀን ቤት እንደደረሰች መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆለፈች፤ ውኃውን ከፍታ አለቀሰች። ቱቦው የሚወጣበት ቦታም ቀልቶ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሸዋረገድ ሻንጣዋን ከፍታ መቀነቷን አወጣች። ሔራንን የወለደች ጊዜ እናቷ ወገቧን ያሰሩበት ነው። ሦስት ቦታ ቆረጠችው፤ ጠርዙን ሰፋችው፤ ቀቀለችው፤ ተኮሰችው። አስተሳሰሩን ለማግኘት አራት ቀን ፈጀባት። ከታች ሁለት ዙር ለድጋፍ፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ቀለበቱ፣ ቱቦው ሰፋ ብሎ እንዲዞር፣ ከዚያ ማሰሪያው በሆድ በኩል ሳይሆን በጎን። በአራተኛው ቀን ማሽኑ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ጮኾ አያውቅም።

ሁለቱ ከመኪናው ወርደው ወደ ሕንፃው ሄዱ። ሕንፃው ካለበት ከኧርቪንግ ከተማ በላይ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ አለፈ። ሸዋረገድ ሽቅብ አየችው። ከሰዓት በኋላ ኤርፖርት ባለው ወጥ ቤት ገብታ፣ እንዲህ ዓይነቶቹ ላይ የሚጫነውን ምግብ በትሪ በትሪ ታሰናዳለች። ዛሬም ሥራዋ ላይ በሰዓቱ ትደርሳለች፤ ነገሩ ካልረዘመ።

* * *

ሊና የጥናቱ ነርስ ናት። ፈጠን ፈጠን እያለች የምትራመድ፣ ሰው ስታቅፍ የማትሰስት ሴት። ዛሬም ሁለቱን አቀፈቻቸው፤ ዓይኗ ሥር ግን ድካም ነበረ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ስብሰባ ክፍል ወሰደቻቸው። ማቲዎስ ቀድሞ ገብቶ ተቀምጧል።

“እትዬ ሸዋረገድ፣ እንደምን አደሩ?” አለና ከወንበሩ ተነሣ።

“እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። አንተስ? ከስተሃል።”

“ሁልጊዜ ከስተሃል ይሉኛል። ሦስት ፓውንድ ጨምሬያለሁ።”

“የት ነው የጨመርከው? ጫማህ ላይ ነው?”

ሔራን አንገቷን ደፍታ ሳቀች። ጠረጴዛው ማዶ ሁለት እንግዶች ነበሩ። አንደኛው የሸሚዙን እጅጌ የሰበሰበ ረጅም ሰው ሲሆን ማሽኑን ከሠራው ኩባንያ ነው የመጣው። ሌላዋ ፀጉሯ የሸበተ ሴት፣ ከመንግሥት በኩል። ሴትየዋ ስትናገር ማቲዎስ ከሥር ከሥር ይተረጉማል።

“የኩላሊት ሕክምና ለረጅም ጊዜ ብዙም ሳይለወጥ ቆይቷል። መንግሥት ብቻውን ሲሠራ ይዘገያል፤ ኩባንያ ብቻውን ሲሠራ ደግሞ ኪሳራ ይፈራል። ስለዚህ ወጪውንም አደጋውንም ተካፍለን አብረን ገባን። ሰው ወንበር ላይ እየተጋደመ ዕድሜውን እንዳይጨርስ፣ ነገሩ እንዲፈጥን ነው የምንፈልገው። ለዚህ ነው ዛሬ እናንተን ልናይ የመጣነው።”

“እናንተን” የሚለው ለሸዋረገድ አልገባትም። ማሽኑ ያለው አሥራ አራት ቤት ነው። ለምን እነሱን?

ረጅሙ ሰው ኮምፒዩተሩን ወደ እነሱ አዞረ። ስክሪኑ ላይ አሥራ አራት መስመሮች አሉ። አሥራ ሦስቱ እንደ መጋዝ ጥርስ ወደ ላይ ወደ ታች ይላሉ። አንዱ መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ቀን ዘሎ ከዚያ ወዲያ ተኝቷል፤ እንደ ተዘረጋ ክር።

“ጥርሱ ሁሉ ማሽኑ የቆመበት ጊዜ ነው” ሲል ማቲዎስ ተረጎመ። “ይህ የተኛው መስመር የእርስዎ ቤት ነው። ከአሥራ አራቱ ቤት እንዲህ ያለ ሌላ የለም። እንኳን ደስ አለዎት ይላሉ።”

ሸዋረገድ ፊቷ ሞቀ። ትምህርት ቤት ገብታ ስለማታውቅ አንደኛ ወጣሽ ተብላ አታውቅም። አጠገቧ ሔራን በጠረጴዛው ሥር ጉልበቷን ነካ አደረገቻት። ዝም በይ ማለቷ ነው።

ሰውየው ቀጠለ። እጁን እያወናጨፈ፣ በደስታ። “አንድ ቤት ውስጥ ያለ ምንም እንከን ከሠራ፣ ማሽኑ ይሠራል ማለት ነው። ችግሩ ያለው ሌሎቹ ቤት አስተጣጠቁ ላይ ነው። አስታማሚዎቹን እንደገና እናሠለጥናለን፤ በመጪው መከር ወደ ሦስት መቶ ሰው እንሸጋገራለን።”

ሊና ወንበሯ ላይ ተንቀሳቀሰች። “አንድ ነገር ልጨምር” አለች። “ስም አልጠራም። ፎርት ዎርዝ ያለ አንድ ታማሚያችን ባለፈው ሳምንት ሆዱ መግል ይዞ ሆስፒታል ገብቷል። ቱቦው በተደጋጋሚ እየተሳበ መውጫው ቆስሎ ነበር። የምታስርለት ሚስቱ ናት። ሪፖርቱ ላይ ‘የአስታማሚ ጥንቃቄ ጉድለት ሊሆን ይችላል’ ተብሎ ተጽፏል። ሴትየዋ በየቀኑ ትደውልልኛለች። እጄን ታጥቤያለሁ፣ ወረቀቱ ላይ እንዳለው ነው ያደረግሁት፣ ምን አጠፋሁ ትለኛለች። ምን እንደምመልስላት አላውቅም።”

“ሰውየውስ?” አለች ሸዋረገድ።

ማቲዎስ ጠየቀላት።

“እየተሻለው ነው” አለች ሊና። “ግን ማሽኑን ሊመልስ ነው። ሚስቱ ከዚህ በኋላ አልነካውም ብላለች።”

ሸዋረገድ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አየቻቸው። በሳሙናና በአልኮል ብዛት ጣቶቿ ነጭ ነጭ ሆነው ተሰነጣጥቀዋል።

የሸበተችው ሴት አንድ ደብተር ወደ ፊቷ አቀረበች። ሸዋረገድ አወቀችው፤ የራሷ ደብተር ነው፤ በየወሩ ሊና ትቀበላትና ዓይታ ትመልስላታለች። ለእያንዳንዱ ቀን ሦስት ፊቶች ተሥለዋል። አንዱ የሚስቅ፣ አንዱ የማይስቅም የማያዝንም፣ አንዱ ያኮረፈ። ከሥራቸው ሁለት ባዶ መስመሮች አሉ፤ “ሌላ የሚሉት ካለ ይጻፉ” የሚል። ሸዋረገድ በየቀኑ የሚስቀውን ፊት ታከብበዋለች። ባዶዎቹን መስመሮች ነክታቸው አታውቅም።

“ሰባ አንድ ቀን፣ ሰባ አንድ ፈገግታ” አለች ሴትየዋ በማቲዎስ በኩል። ድምፅዋ የቁጣ አልነበረም። “አንድ ነገር ግን አልገባኝም። በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ማሽኑ ሠላሳ ሦስት ጊዜ ቆሟል። ራሱ ማሽኑ መዝግቦታል። እርስዎ ግን በነዚያ ቀናትም ፈገግታውን ነው ያከበቡት። ለምን?”

ሸዋረገድ ከደብተሩ ቀና አለች።

“እግዚአብሔር ይመስገን ማለቴ ነው” አለች ሸዋረገድ።

ማቲዎስ አፉን ከፍቶ ዘጋው። “እትዬ፣ ይህን እንዴት አድርጌ ልበልላቸው?”

“እንዳልኩህ በላቸዋ። ሰው ደህና ናችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ገና ከበሩ የቤትን ጉድ ይዘረግፉለታል? መጀመሪያ ይመሰገናል። ደግሞም እነሱ ለልጄ ይህን ሰጥተውኝ እኔ ያኮረፈ ፊት ላክብብላቸው? ያጎረሰኝን እጅ ልንከስ?”

ማቲዎስ ረዘም አድርጎ ተረጎመው። ሴትየዋ ሰማችውና መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች።

“ስጦታ አይደለም” አለች። “ሙከራ ነው። ምስጋና ብቻ ከላካችሁልን እኛ ምኑን እናስተካክላለን?”

ከዚያ ለአሥር ደቂቃ እረፍት እንውጣ ተባለ።

* * *

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ የውኃ ማሽኑ አጠገብ፣ ሔራን ለእናቷ ውኃ ቀዳችላት። ሸዋረገድ ብርጭቆውን ይዛ አልጠጣችውም።

“ማሚ፣ ኖ” አለች ሔራን።

“ምን አልኩ?”

“ፊትሽ ብሏል።”

“ሔራንዬ፣ የዚያች ሴት እጅ ንጹሕ ነው።”

“አታውቂያትም! አንድ ቀን አይተሻት አታውቂም።”

“እጇን አውቀዋለሁ። የኔን ነው የሚመስለው።”

ሔራን ወደ ግድግዳው ዞረች። አንድ ሐኪም በአጠገባቸው እስኪያልፍ ጠበቀች።

“ኦኬ፣ ስሚኝ። ከነገርሻቸው ድሮፕ ያደርጉኛል። ሳይን አድርገሻል። እኔም ሳይን አድርጌያለሁ። ወደዚያ ወንበር ነው የምመለሰው፤ ገብቶሻል? ሦስት ቀን በሳምንት። ሥራዬስ? ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ አልመጣም ልበላቸው? ማለቴ... ገና አሁን ነው እኮ ሰው የሆንኩት።”

“ድሮም ሰው ነበርሽ።”

“አልነበርኩም! ታማሚ ነበርኩ።”

ሸዋረገድ ልጇን ማቀፍ ፈለገች፤ ግን ቱቦው ያለ መቀነት ነው፣ እንዳትነካባት ፈራች። እጇን ትከሻዋ ላይ ብቻ አኖረች።

ሸዋረገድ ዕድሜዋን ሙሉ “ዝም አይነቅዝም” ስትባል ነው ያደገችው። ዝም ብላም ብዙ ነገር አልፋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋርላንድ ባለው ቤተ መጻሕፍት ከሰባት ሴቶች ጋር ፊደል የምትማረውም በዝምታ ነው፤ መምህርቷ ዓለምጌጥ ካልጠራቻት አትናገርም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ጠራቻት። ሰሌዳው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋ፣ “ወይዘሮ ሸዋረገድ፣ ይሞክሩት” አለቻት። ሸዋረገድ ሳትቆም፣ ጣቷን ሳትቀስር፣ በአንድ ትንፋሽ አነበበችው። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።” ሴቶቹ አጨበጨቡላት። እሷም ደስ ብሏት ቤቷ ገባች። ያነበበችው ነገር ምን እንደሆነ የታወቃት ወጥ ቤት ቆማ መቀነቶቹን ስትቀቅል ነበር።

“ልጄ” አለች። “ሦስት መቶ ሰው ነው ያለው ያ ረጅሙ?”

“አዎ።”

“በሦስት መቶ ቤት ይጮሃል ማለት ነው። በሦስት መቶ ቤት እናትና ሚስት እጅሽን አልታጠብሽም ትባላለች።”

“እነሱም የራሳቸውን መላ ያግኙ። አንቺ አላገኘሽም?”

ሔራን ይህን ካለች በኋላ ከንፈሯን ነከሰች። የተናገረችው ለራሷም ጥሩ ሆኖ አልተሰማትም።

“አራት ቀን ነው የፈጀብኝ” አለች ሸዋረገድ ቀስ ብላ። “በአራቱ ቀን ውስጥ አንቺም መግል ልትይዢ ትችይ ነበር። እኔ ዕድለኛ ሆንኩ እንጂ ብልጥ አልሆንኩም። ሰውየው እንኳን ደስ ያለሽ ሲለኝ ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም። ከዚያ ያቺ ሴት ምን አጠፋሁ ትላለች ሲባል ሰማሁ። ምንም አላጠፋችም። መቀነት ስላልነበራት ነው።”

ሔራን በሸሚዟ ላይ ማሽኑን በመዳፏ ይዛው ቆመች።

“የምትወስኚው አንቺ ነሽ” አለች መጨረሻ ላይ። “ግን እኔን እንዲህ አድርጊ ብለሽ አትጠይቂኝ። እኔ አልናገርም።”

“አልጠይቅሽም።”

ሊና ከበሩ ብቅ ብላ ጠራቻቸው።

* * *

ሁሉም ተቀመጡ። ሊና እንደ ልማዷ ደብተሩን ገልጣ የዛሬውን ገጽ ከነእስክሪብቶው ሸዋረገድ ፊት አኖረች። ሰባ ሁለተኛ ቀን። ሦስቱ ፊቶች ከወረቀቱ ላይ ያዩዋታል።

እስክሪብቶውን አነሳች። እጇ ከልማድ ወደሚስቀው ፊት ሄደ፤ ክቡን ለመጀመር ጫፉን አሳረፈች። ጥቁር ነጥብ ቀረ። ከዚያ እጇን አነሳችና ወደ ታች፣ ወደ ባዶዎቹ መስመሮች ወረደች።

መጻፍ ጀመረች።

እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው ነው የምትጽፈው፤ አንዱን ስትጨርስ ቀና ብላ ታየዋለች። ረጅሙ ሰው ሰዓቱን ተመለከተ። የሸበተችው ሴት በእጇ ምልክት ቆይ አለችው። ሔራን ወደ ደብተሩ አጎነበሰች። አማርኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም፤ እናቷ የምትጽፈው ምን እንደሆነ ከፊደሉ ልታውቀው አትችልም። ከእናቷ ፊት ግን አወቀችው። ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈች።

ሁለቱ መስመር አልበቃ አላትና ጠርዙ ላይ ጨመረች። ጨርሳ ደብተሩን ወደ ማቲዎስ ገፋችው።

ማቲዎስ በዓይኑ አነበበው። ከዚያ ደግሞ አነበበው። ቀና ሲል የቀልድ ፊቱ ጠፍቷል።

“እትዬ፣ እርግጠኛ ነዎት?” አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። “ጮክ ብዬ ካነበብኩት በኋላ መመለስ አይቻልም። እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ አንዱን ትቼ አንዱን ማለት አልችልም።”

“አንዱንም አትተው።”

ማቲዎስ ጉሮሮውን ጠርጎ መጀመሪያ በአማርኛ አነበበው።

“‘መቀነት አስሬላታለሁ። ከአሥራ አንደኛው ቀን ጀምሮ። እዚህ ስንመጣ እፈታዋለሁ። ማሽኑ ዝም ያለው በሱ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የልጄ አይደለም። የፎርት ዎርዟም ሴት ጥፋት የለባትም። ንገሯት።’”

ቀጥሎ በእንግሊዝኛ አለው። ሸዋረገድ ቃሎቹን ባታውቃቸውም የት እንደደረሰ ከፊቶቹ ታውቅ ነበር። መጀመሪያ የሊና እጅ ወደ አፏ ሄደ። ቀጥሎ ረጅሙ ሰው ወደ ስክሪኑ፣ ወደዚያ የተኛ መስመር ዞረ፤ ለረጅም ጊዜም ዓይኑን አላነሣም። የሸበተችው ሴት ብቻ ሸዋረገድን ማየቷን አላቆመችም።

“ሊና ልትናገር ነው” አለ ማቲዎስ።

ሊና ወደ ሔራን ዞረች። “ይህን ሪፖርት ማድረግ አለብኝ። ዛሬውኑ። ኮሚቴ ያየዋል። ሔራን ትቀጥላለች ወይ ብትሉኝ አላውቅም። አዎ ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም።”

“አትዋሺ” አለች ሸዋረገድ። “የዋሸሁት እኔ እበቃለሁ።”

ረጅሙ ሰው ከስክሪኑ ሳይዞር አንድ ነገር አለ። ማቲዎስ ጠበቀ፤ ከዚያ፣ “ምን ዓይነት ጨርቅ ነው ይላሉ። እንዴት እንደሚታሰር ሊገልጹልን ይችላሉ ወይ ይላሉ።”

“ይህ በቃል የሚገለጽ ነገር አይደለም” አለች ሸዋረገድ።

ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፌስታሉን አወጣች። ጽዋ እንደምታወጣ ሁሉ ቀስ ብላ ፈታችው። ነጩ መቀነት ጠረጴዛው ላይ፣ ከኮምፒዩተሩ ጎን፣ በአራት እጥፍ ተቀመጠ። የተኮሰችበት መስመር አሁንም አልጠፋም። ለመነሣት ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች፤ ከዚያ ለሔራን የሰጠችውን ቃል አስታውሳ ቆመች። አልጠይቅሽም ብላታለች። መቀነቱን በእጇ ይዛ በራሷ ወገብ ላይ፣ ከሥራ ልብሷ በላይ፣ መጠምጠም ጀመረች። አንድ ዙር። ሁለት ዙር። ሦስተኛው ላይ ቀለበቱን አጠፈች፤ ግን በውስጡ የሚያልፍ ቱቦ የለም። ቀለበቱን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ይኸውላችሁ ማለት አቅቷት፣ እንዲሁ ቀረች።

“እንደሱ አይደለም” አለች ሔራን።

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

“እንደሱ ምንም አይታያቸውም፣ ማሚ።” ወንበሯን ገፍታ ተነሣች። ዓይኗ እርጥብ ነው፤ የእናቷን ዓይን ግን አልሸሸችም። ሸሚዟን እስከ ማሽኑ ድረስ ሰበሰበች። ቱቦው ቆዳዋን ወደ ታች ጎትቶት ይታያል።

ሸዋረገድ መቀነቱን ከራሷ ወገብ ላይ ፈታችው። እጇን በአልኮል ጠረገች፤ አንዴ፣ ከዚያ ደግማ። ልጇ አጠገብ ተንበረከከች።

ሔራን፣ ሳትባል፣ ሁለት እጆቿን አነሳች።